የሠላሳ አምስተኛው ስም

በመዘምራን ውስጥ ያገለገላችሁ ወጣቶች የስም ዝርዝር የሚለጠፍባትን ቅዳሜ ታውቋታላችሁ። ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ወደ ግድግዳው ይጠጋል፤ ስሙን ሲያገኝ ደግሞ ግድ እንዳልነበረው ሆኖ ይመለሳል። የ2017 ዓ.ም. የገና ኮንሰርት ዝርዝርን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ስሞች ነበሩት። ሠላሳ አምስት መሆን ነበረባቸው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ። ሲ.ኤም.ሲ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ አዳራሿም ቆርቆሮ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ አንድ ወንድም በየሰፈሩ ያሉ የቫዮሊንና የቼሎ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ከመዘምራኑ ጋር ማሠራት ጀመረ። አሥራ አንድ ናቸው። ግማሾቹ የእኛ አባላት አይደሉም። አንዷ ባንክ ትሠራለች፣ አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ ሁለቱ ገና ተማሪዎች ናቸው። ከአያት፣ ከጉርድ ሾላ፣ ከኮተቤ ይመጣሉ። ቼሎ በሚኒባስ ታክሲ ሲሄድ የአንድ ሰው ሒሳብ እንደሚከፍል ያወቅሁት ያኔ ነው። ክር ከተበጠሰ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነው።

ሲጀመር ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ “ይህ የፈረንጅ ነገር ለእኛ አምልኮ ምኑ ነው?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። ግን ስሙን ከጣሊያን የግንባታ ድርጅት በወረሰ ሰፈር ተቀምጠን፣ በኪቦርድና በጊታር ስንዘምር ኖረን፣ ቫዮሊን ላይ ስንደርስ “የፈረንጅ ነው” ማለታችን ሳያስቀኝ አልቀረም። የመሣሪያ ታሪካችንን ብታዩ ከዚህም የሚገርም ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ “አርባ ልጆች” ተብለው ቀሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ለመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙራችን ዜማ የደረሰ ሰው ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ቤታቸውን ያጡ ልጆች የነፉትን ነው አገር ቆሞ ያዳመጠው።

የኮንሰርት ወቅታችንን የሚወስነው ዝናብ ነው። ሰኔ ሲጋመስ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ ቫዮሊን ቀርቶ ከበሮም አያሰማ። ስለዚህ የምንሠራው ከገና እስከ ግንቦት ነው፤ አንዱ በገና፣ አንዱ በስቅለት ምሽት፣ አንዱ በግንቦት። በገና ሰሞን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አየሩ ይደርቃል፣ ከእንጦጦ በኩል ያለው ብርድ ማታ ማታ ይበረታል፣ የመሣሪያዎቹ እንጨት ይሸሻል፣ የተቃኘው ክር ይላላል። ልምምዳችን ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል መቃኘት ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን የድምፅ ማጉያ አለመኖሩ ነው። ማይክ የለመደ ዘማሪ ምን ያህል እንደሚጮህ ለራሱ አይታወቀውም። (ለጎረቤት ግን ይታወቀዋል፤ ይህን እያወቅን ስንት ዓመት ዝም እንዳልን እግዚአብሔር ይቁጠረው።) ማይክ በሌለበት፣ በአሥራ አንድ መሣሪያ ፊት፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ራቁቱን ይወጣል። አንዱ ከቀደመ ይሰማል፤ አንዱ ከዘገየም ይሰማል።

የዘገዩት እትዬ ነበሩ። መዘምራኑ ሲመሠረት ጀምሮ አልቶ ዘምረዋል። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ከአጠገባቸው ያለው እንጂ ሦስተኛው ሰው አይሰማውም፤ ሁልጊዜም ከሌላው በጥቂት ይዘገያሉ። መሪው በትሕትና፣ “እትዬ፣ ትንሽ ጨመር ያድርጉ” ይላቸዋል። “እሺ ልጄ” ይሉታል። አይጨምሩም።

ስማቸውን አወጣሁት። አልነገርኳቸውም። ሲያነቡት ይገባቸዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፣ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ከዚያ ደግመው ከታች ወደ ላይ አነበቡ። “ጌታ ይባርካችሁ” ብለው ወጡ። ሊሸኛቸው የተነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተነሣሁም።

የገናው ኮንሰርት ያማረ ነበር። ከሀንደል “መሲሕ” የሃሌ ሉያውን ክፍል ወደ አማርኛ መልሰን ዘመርነው። ከመዝሙሩ በፊት ታሪኩን ለጉባኤው የተናገርኩትም እኔ ነኝ፤ ሀንደል ሥራውን በ24 ቀናት እንደጻፈው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1742 ደብሊን ውስጥ ሲቀርብ ከገቢው ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው የታሰሩ 142 ሰዎች እንደተፈቱበት። ጉባኤው አጨበጨበ። 142 ሰዎች ስለተፈቱበት ዝማሬ በድምፅ ማጉያ የተናገርኩት ሰው አንዲት እናትን በአንድ ወረቀት እንዳስወጣሁ ግን ያን ማታ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ከሳምንታት በኋላ ነው።

በየካቲት ለስቅለት ምሽት ልምምድ ጀመርን። የተመረጠው ዝማሬ በትዝታ ቅኝት የተሠራ ሲሆን የመጨረሻው ክፍል እጅግ በለሆሳስ የሚዘመር ነው፤ ቼሎዎቹ ብቻ ከሥር ይይዙታል። አልሆነልንም። ድምፃችንን ስንቀንስ ዜማው አብሮ ይወርዳል፤ ቼሎው አንድ ቦታ፣ እኛ ሌላ ቦታ። መሪው፣ “ድምፅ ስትቀንሱ ትንፋሻችሁንም ትቆርጣላችሁ፤ የሚወድቀው ለዚህ ነው” አለን። መረዳት ሌላ፣ ማድረግ ሌላ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንዲት የሶፕራኖ ልጅ፣ “እትዬ እኮ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የሚዘምሩት፤ ድምፃቸው ግን ወርዶ አያውቅም” አለች።

ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ ብላችሁ ብታስቡልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሄድኩት ግን ስለቸገረን ነው።

ቤታቸው ኮተቤ ነው። ቡና አፈሉ። እስከ ሁለተኛው ስኒ ድረስ የረባ ነገር አልተናገርኩም። በመጨረሻ ስለ ዝርዝሩ ጀመርኩና ቃላት ጠፉኝ። እሳቸው ግን አልጠፋቸውም፤ “ድምፅሽ አይሆንም ብትለኝ እኮ አልሞትም ነበር። በወረቀት ነው የነገርከኝ። ስሜን ፈልጌ ሳጣው ሌሎቹ ያዩኝ ነበር” አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልኝና ያልጠየቅኋቸውን ነገሩኝ።

በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ እሳቸው የመዘምራኑ ታናሽ ነበሩ። መሪዎቹ ታሰሩ፤ አባላቱ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ይህን ታሪክ በኮርሳችን አስተምሬዋለሁ፤ ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበሩት ምእመናን በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው እንደወጡ፣ ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በእምነቱ ምክንያት 7 ዓመት እንደታሰረ። ቁጥሩን አውቀው ነበር። እንዴት ይዘመር እንደነበር ግን ጠይቄ አላውቅም። ጳውሎስና ሲላስ በወኅኒ ሲዘምሩ እስረኞቹ ያደምጧቸው እንደነበር ስንት ጊዜ ሰብኬአለሁ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ስለሚዘመር ዝማሬ ግን አስቤ አላውቅም።

“አንድ በአንድ እንገባለን” አሉ። “ቡና ይፈላል፣ ስኒ ይደረደራል፤ ሰው ከመጣ ቡና ጠጪ ነን። መስኮቱ ተዘግቶ እንዘምራለን። ድምፅ ስለማይሰማ እርስ በርስ ከንፈር እንተያያለን። የፊተኛዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እኔ እከተላለሁ።”

የሚዘገዩት ለዚህ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከንፈር እያዩ ዘምረው ነው።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መጡ። ከፊታችን ወንበር ላይ ተቀመጡና መስኮቱን ሁሉ አዘጉን። ከዚያ የሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ጠርተው ከበሩ ውጭ አቆሙት፤ “ድምፅ ከሰማህ አንኳኳ” አሉት። ጀመርን፤ አንኳኳ። ደግመን ጀመርን፤ አንኳኳ። ልጁ ጨዋታው ጥሞት ነበር መሰለኝ ስምንት ጊዜ አንኳኳብን። እትዬ አልሳቁም። “ትንፋሽ አትቆጥቡ፤ ድምፅ ስትቀንሱ ትንፋሽ ጨምሩ። አትፍሩ፤ ፍርሃት ነው ዜማውን የሚያወርደው” አሉን። በዘጠነኛው ልጁ አላንኳኳም። እስከ መጨረሻው ዘመርን፤ ቼሎው ገብቶ ሲለካን ዜማው ያለበት ነበር። በሩን ስንከፍት ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣ “ጨርሳችኋል እንዴ?” አለን።

ሚያዝያ 10፣ በስቅለት ምሽት፣ እትዬ በአልቶ ረድፍ ቆሙ። አሁንም ይዘገያሉ። መሪው ሁለት ጊዜ ስለዚያ አንሥቶባቸዋል፤ እሳቸውም “እሺ ልጄ” ብለውታል። በኮንሰርቱ ከኋላቸው ስለቆምኩ ወደ ጎን ዞር ብለው የልጅቷን ከንፈር ሲያዩ አየኋቸው።

የዘንድሮውን የገና ዝርዝር ጽፌዋለሁ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰዎች አልገቡም። አንዱ አያት፣ አንዷ ቦሌ አራብሳ ናቸው። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቅዳሜ ከመለጠፌ በፊት ሁለቱም ቤት መድረስ አለብኝ።