የወሎ ሰፈር ምስርና የጎረቤት ሐቅ



ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ በአፍሪካ ጎዳና ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው ኦሎምፒያን እንዳለፈ ወሎ ሰፈርን ያገኛል። ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ዛሬ ዋናውን መንገድ ግራና ቀኝ ይዘው የቆሙት ፎቆች ናቸው። የሰፈሩ ስም ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሳይቀር ተዛምዶ የሚኖርበትን ወሎን ያስታውሳል።

በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰው የነጭ ሽንኩርትና የዝንጅብል ሽታ ይቀበለዋል። አንዱ ቤት ሾርባ ይጣዳል፤ ሌላው ቤት ለሳምቡሳ የሚሆን ምስር ይቀቀላል። ከእነዚህ ምግቦች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው የምስር ክክ አልጫ ነው። ከቤተሰብ ርቃችሁ የምትማሩ ወጣቶች አሠራሩን ያዙ።

2 ራስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፎ በዘይት ማቁላላት። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል አብሮ ወቅጦ መጨመር። ነጭ ሽንኩርት ካረረ ይመራል፤ ስለዚህ ከቀይ ሽንኩርቱ በኋላ ይገባል፣ እሳቱም ይቀነሳል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጣል አድርጎ በ3 ብርጭቆ የፈላ ውሃ መከለስ። ተለቅሞ የታጠበ 1 ብርጭቆ ምስር ክክ ጨምሮ እስኪፈርስ በዝግታ ማብሰል። ጨው፣ የተሰነጠቀ ቃሪያና ትንሽ ኮረሪማ የሚገቡት ሊወጣ ሲል ነው።

ነጭ ሽንኩርት ሳይነካ ብዙም አይሸትም። ሲወቀጥ ግን በውስጡ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ተገናኝተው አሊሲን የሚባለውን ኃይለኛ ንጥረ ነገር ይፈጥራሉ። ኃይሉን የሚሰብረው እሳት ነው። በመድረሳ የተማርነውም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ከነሽታው መስጊድ መጥቶ ሰጋጆችን እንዳያስቸግር ከልክለዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ደግሞ መብላት የፈለገ አብስሎ ሽታውን እንዲገድል መክረዋል።

የጎረቤትም ነገር ከድስቱ አይለይም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን (ረ.ዐ) መረቅ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ጎረቤትን እንዲያስታውሱ አዘዋቸዋል። የተጠየቀው ውሃ መሆኑን ልብ እንበል፤ ውሃ ደግሞ በድሃም በሀብታምም ቤት አለ። በአገራችን ሙስሊሙ የክርስቲያኑን፣ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም። በዘይት የተሠራ ምስር ግን በሁለቱም በር ይገባል፤ ጎረቤት ዓቢይ ጾም ላይ ቢሆን እንኳ።

ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከጋራ ግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። በግቢው ኑሮ የማን ቤት ምን እንደተጣደ፣ የማን ቤት ምንም ሳይጣድ እንደዋለ ይታወቅ ነበር። በፎቅ ቤት በሩ ይዘጋል። ሽታው ግን በደረጃው ወጥቶ ጎረቤት ቤት ይገባል። ያልበላ ሰው ቤት ሽታው ብቻ ደርሶ ሳህኑ ከቀረ ትልቅ በደል ነው። ተማሪዎቼን፣ «ከእናንተ በላይ ማን ይኖራል?» ብዬ ስጠይቃቸው ስም የሚጠሩልኝ ጥቂቶች ናቸው።

እናንት ወላጆች! ልጆቻችሁን፣ ወንዶቹንም ጭምር፣ ይህን ምስር መሥራት አስተምሯቸው። በ3 ብርጭቆ ፋንታ 4 ብርጭቆ ውሃ ይጨምሩ። ከዚያም ለቤት ከመቅረቡ በፊት ለጎረቤት ቀድተው በሩን ያንኳኩ፤ ስሙንም ይጠይቁ።

አላህ በጎረቤት ሐቅ ከማይጠየቁት ያድርገን። አሚን።