ስለ አንዲት ሸራና ስለ ስድስት ባለቤቶቿ

ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን ተማሪዎች ብዙዎቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት እንደምንጠፋ ሲጠይቁን ቆይተዋል። አንዳንዶቹ በድብቅ ሥራ ይዘው ይሆናል አሉን፤ አንዳንዶቹም ከዚያ የባሰ ጠረጠሩ። ሐሜቱ ሥር ሳይሰድ እውነቱን በዚህ መጽሔት ብናወጣው ይሻላል። የምንሄደው ወደ ወንዝ ነው፤ እዚያም ስድስት ሆነን በአንዲት ሸራ እንጫወታለን። ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ወረቀት ባልነካን ነበር። ነገር ግን በዚህች ሸራ ምክንያት አንድ ጓደኛችንን ልናጣ ጥቂት ቀርቶን ነበርና፣ ጥፋታችንን ደብቀን ደስታውን ብቻ ብናወራ ትክክል አይሆንም።

ሸራዋ ፓራዊንግ ትባላለች። ፓራሹት ያየ ሰው መልኳን ለመገመት አይቸገርም። አየር የሚነፋበት አጥንት የላትም፤ አንድ ንጣፍ ስስ ጨርቅ፣ ከጨርቁ የሚወርዱ ቀጫጭን ክሮች፣ ክሮቹም የሚታሰሩበት ከክንድ ያጠረ ዘንግ፤ ይኸው ነው። ቢጠቀልሏት ከደብተር ቦርሳ ትገባለች፤ የኛይቱ ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም። የምንቆምበት ሰሌዳ ደግሞ ከሥሩ ምሰሶ አለው፤ በምሰሶውም ጫፍ ፎይል የሚሉት የአውሮፕላን ክንፍ የሚመስል ነገር በውኃ ውስጥ ይሄዳል። ውኃ ከአየር ስምንት መቶ ጊዜ ያህል ስለሚከብድ፣ ይህ ትንሽ ክንፍ ሰውን ከነሰሌዳው ከውኃው በላይ ያነሣዋል። ሰሌዳው ውኃውን ከለቀቀ በኋላ ጥቂት ኃይል ይበቃዋል። የሸራዋ ትንሽነት የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየውን ጎትታ ታነሣዋለች፤ ከዚያ በኋላ ማዕበሉ ራሱ ሲገፋው፣ ሸራዋን በእጁ ሰብስቦ ወገቡ ላይ ካለው ኪስ ይከታትና ባዶ እጁን በማዕበሉ ላይ ይጓዛል። ይህን ያየ ሰው አንድ ጊዜ ሳይሞክር አይመለስም፤ እኛም አልተመለስንም።

አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ፎርላኒኒ በ1906 በማጆሬ ሐይቅ ላይ በክንፍ ከውኃ የምትነሣ ጀልባ ነድቷል። በቴሌፎን ስሙ የሚጠራው አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በ1919 በካናዳ ያሠራት እንደዚሁ ያለች ጀልባ በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጣለች። የሸራዋን የሩቅ አያት ደግሞ በ1948 ፍራንሲስ ሮጋሎና ባለቤቱ ገርትሩድ ሠርተዋታል፤ የመጀመሪያዪቱን የሰፏትም ከወጥ ቤታቸው መጋረጃ ነበር ይባላል። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ይህንኑ ሐሳብ ለጄሚኒ መንኮራኩር መመለሻ ይሆን እንደ ሆነ ብዙ ከሞከረው በኋላ በ1964 ተወው። ለጠፈር ያልሆነው ሐሳብ ግን በወንዝና በባሕር ላይ ቦታ አገኘ፤ በእጅ የምትያዘው ፓራዊንግ ከ2024 ወዲህ በፍጥነት ተሰራጭታለች።

የኛ ወንዝ ኮሎምቢያ ነው። ከፖርትላንድ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ሁድ ሪቨር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ወንዙ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ሸለቆ ለነፋስ እንደ በር ነው፤ በበጋ ምሥራቁ ደረቅ አገር ሲግል ከውቅያኖሱ በኩል ያለው ቀዝቃዛ አየር በዚያ በር ይስባል። ወንዙ ወደ ምዕራብ ይወርዳል፤ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሁለቱ ሲጋጩ ውኃው እንደ ባሕር ይነሣል። ለጨዋታው የሚፈለገውም ይኸው ማዕበል ነው። በዚያው ውኃ ላይ ግን ስንዴ የጫኑ ረጃጅም ጀልባዎች ይመላለሳሉ፤ እነሱም መንገዳቸውን ለማንም አይለቁም፤ ሊለቁም አይችሉም።

እንግዲህ ስለ አገዛዙ እንናገር። ስድስታችንም የኪስ ገንዘብ የሚቸግረን ተማሪዎች ነን። በሳምንት ሃያ ሃያ ዶላር እያዋጣን በዐሥራ ሦስት ሳምንት 1,560 ዶላር አጠራቀምን። ዕቁብ አልነው እንጂ ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ድርሻውን ያመጣው ሌሊት ሳሕን በማጠብ ነው፤ አንዲት እኅታችንም ለሁለት ወር ምሳዋን ከቤት እየቋጠረች ነበር። ሰሌዳውና ፎይሉ፣ ያገለገሉ ሆነው 1,100 ዶላር ወሰዱ። ለሸራዋ የቀረን 460 ዶላር ብቻ ነበር።

ክርክሩ የመጣው በስፋቷ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ሸራዎች ከሁለት እስከ ስድስት ካሬ ሜትር ባለው መጠን ይሠራሉ። ከኛ ውስጥ የከበደው 84 ኪሎ ነው፤ እኅታችን 56 ኪሎ ናት። እሱ አምስት ሜትር ይገዛ አለ፤ እሷ ሦስት። እንደ ልማዳችን ስብሰባ ጠርተን፣ ሊቀ መንበር መርጠን፣ ሁለት ሰዓት ተከራክረን፣ አራት ሜትር ትሁን ብለን በድምፅ ወሰንን። በኋላ እንደ ተረዳነው ነፋስ ለድምፅ ብልጫ አይገዛም። የነፋሱ ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የነበረው ነፋስ 35 ሲሆን ኃይሉ እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ስለዚህ አራት ሜትሯ ሸራ ለከባዱ ወንድማችን ደኅና በሆነችበት ሰዓት ለእኅታችን አደጋ ናት። አማካይ ክብደት ያለው ሰው በጉባኤ ላይ እንጂ በወንዝ ላይ አይገኝም። የሚገዛ ሰው ቢኖር የምንመክረው፣ በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚነፍሰውን ነፋስ አስቀድሞ ይወቅ፤ ከዚያም ለራሱ ክብደት የምትሆነውን ይምረጥ፤ በሁለት መካከል ቢያመነታ ለጀማሪ ትንሿ ትሻላለች።

ያገለገለች ሸራ ስንገዛ ግን ደኅና ሠርተናል። ጨርቁን በፀሐይ ፊት ዘርግተን በቀዳዳዎቹ ብርሃን ይገባ እንደ ሆነ አየን። አፋችንን ከጨርቁ ላይ ገጥመን እፍ አልንበት፤ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ ቅባቱ አልቆበታልና ነፋስ አይይዝም። ክሮቹ ከጨርቁ ጋር የተሰፉበትን ቦታ አንድ በአንድ ዳሰስን። በመጨረሻም የግራውንና የቀኙን ክር ጎን ለጎን ወጥረን ርዝመታቸው እኩል መሆኑን ለካን። ሻጩ ሰውዬ ትዕግሥቱ አልቆ ነበር፤ እኛ ግን የዐሥራ ሦስት ሳምንት ገንዘብ በእጃችን ነበር። በ450 ዶላር ተስማማን።

መጀመሪያ በሣር ሜዳ ላይ ሸራዋን ማንሣትና መሰብሰብ ተማርን፤ በዩኒቨርሲቲው መዋኛም ሁለት መቶ ሜትር መዋኘት ያልቻለ ወንዝ እንዳይወርድ ደንብ አወጣን። ደንብ ማውጣት አያቅተንም። ያልተጻፈ ደንብ ግን አንድ ነበረን፤ ሸራዋን ለባለተራው ስንሰጥ ሁልጊዜ «አደራ፣ እንዳትጠፋ» እንል ነበር። ቃሉን ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነው፤ ክፉ ነገር ይኖርበታል ብለን አላሰብንም።

በግንቦት ወር የፈተናው ሰሞን ደረሰ። አንድ ቅዳሜ ማታ ከወንዝ ስንመለስ ሸራዋን እርጥብ እንደ ሆነች ጨምድደን ከረጢቷ ውስጥ አደረግናትና በመኪናው የዕቃ ቦታ ተውናት። ከስድስታችን እያንዳንዱ ሌላው ወስዶ ያሰጣታል ብሎ አሰበ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ቆየች። ስናወጣት ሻጋታ ሸተተች፤ ጨርቁ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ወጥቶባታል፤ ክሮቿም ተወሳስበው የወፍ ጎጆ መስለዋል። ነፋሱ እየነፈሰ ስለነበረ ቸኮልን። አብዛኛውን ፈታን፤ በግራ ጫፍ ካሉት ክሮች በአንዱ ላይ ግን ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ቋጠሮ ቀረች። አይተናታል። በጥፍራችን ሞክረን እምቢ ስትለን «ምን ታደርጋለች» አልን።

ተራው የዋናተኛችን ነበር። እሱ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ስለ ሆነ ስለ እሱ ማንም አይሰጋም። ያን ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበረ፤ ውኃውም የተራራ በረዶ ቅልጥ ስለ ነበረበት አጥንት ይበላል። ጥቂት እንደ ሄደ ሸራዋ ወደ ግራ ታዘነብል ጀመር፤ ቋጠሮዋ የግራውን ክር አሳጥራዋለችና። ሲያቃናት እንደ ገና ታዘነብላለች። በመጨረሻም ተጠምዝዛ ከውኃው ገባች፤ እሱም ወደቀ። ሊያነሣት ሲሞክር ክሮቿ በዘንጉ ላይ ተጠመጠሙ፤ ግማሽዋ ብቻ ነፋስ ሞላችና፣ ከወገቡ ጋር እንደ ታሰረች ወደ ወንዙ መካከል ትጎትተው ጀመር። ያን ጊዜ የስንዴ ጀልባ በማጠፊያው በኩል ብቅ አለ።

ቀበቶው ላይ በአንድ እጅ ሲስቧት የምትፈታ መልቀቂያ አለች። እኛም ከዳር ሆነን «ልቀቃት! ልቀቃት!» እያልን ጮኽን። ነፋሱ ከኛ ወደ እሱ ይነፍስ ስለ ነበረ ድምፃችን ደርሶታል። ሰምቷል፤ ሰምቶም አልለቀቀም። ጀልባው ጥሩምባውን ነፋ። እኛ ከዳር ወዲያና ወዲህ ከመሮጥ በቀር ያደረግነው ነገር አልነበረም። ያዳነችው እኛ ሳንሆን አንዲት ጠጉራቸው የሸበተ የማናውቃቸው ሴት ናቸው፤ በነፋስ በተሞላ ክንፍ ይጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ ደርሰው መልቀቂያዋን በገዛ እጃቸው ሳቡለት። በሰሌዳው ላይ ተኝቶ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ዳር ወጣ። ጀልባው አለፈ። ሸራዋንም ሌላ ሰው ከውኃ ለቅሞ አመጣልን።

ብርድ ልብስ አልብሰን መኪናው ውስጥ አስቀመጥነው። ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ስንጮህ አልሰማህም ወይ?» አልነው። «ሰምቻለሁ» አለ። «ታዲያ ለምን አልለቀቅሃትም?» ብንለው ጥቂት ዝም ብሎ እንዲህ አለን፦ «የኔ ብትሆን ወዲያው እለቃት ነበር። የሁላችን ሆነችብኝ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ፖርትላንድ ድረስ ማንም አልተናገረም። አባቶቻችን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ጓደኛችን ግን ሞኝ አልነበረም። ሳሕን ያጠበውን ወንድሙን፣ ምሳዋን የቋጠረችውን እኅቱን አስቦ ነው የያዛት። ሞኞቹ እኛ ነን። ለማጠብና ለማስጣት ሲሆን የማንም ያልነበረች ሸራ፣ ለመሞት ሲሆን የሁላችን ሆና ተገኘች። አደራውን ለአንድ ሰው በቃል አሸክመን፣ ሥራውን ስድስታችንም ለሌላው ትተነው ነበር። የጋራ ነገር በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚበላሽ ብዙ ጊዜ በጉባኤ ላይ ተናግረናል፤ በእጃችን ስናበላሸው ግን አላወቅነውም።

ስለዚህ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። አንድ ደብተር ገዛን፤ በየሳምንቱ የአንድ ሰው ስም ይጻፍበታል፤ ያ ሰው ብቻውን ተጠያቂ ነው። ከወንዝ ስንመለስ አሸዋዋን በንጹሕ ውኃ ያለ ሳሙና ያለቀልቃታል፤ አሸዋ ጨርቁን እንደ ሞረድ ይፈጋልና። በጥላ ሥር ያሰጣታል እንጂ በፀሐይ አይደለም፤ ናይለን በፀሐይ ኃይሉን ያጣል። እስክትደርቅ ድረስ ከረጢት አትገባም፤ ስትገባም ላላ ብላ ነው፤ በጋለ መኪና ውስጥም አታድርም። ክሮቹን አበጥሮ በዘንጉ ላይ በሥርዓት ይጠቀልላቸዋል፤ በወር አንድ ጊዜም የግራውንና የቀኙን ይለካል። ትንሽ ቀዳዳ ሲያይ ሳይሰፋ በማጣበቂያ ጨርቅ በሁለት ወገን ይለጥፍበታል። ቋጠሮ ካየ ቀኑ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ሸራዋ አትነሣም። ይህን ሁሉ አድርጎ ይፈርማል። ወንዝ የሚወርድም ሰው ዐይኑን ተሸፍኖ መልቀቂያዋን ሦስት ጊዜ ሳይሳሳት መሳብ አለበት።

ሻጋታው ከጨርቁ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፤ ግራጫው ነጠብጣብ ዛሬም አለ። ይታየን ብለን ልናስለቅቀው አልደከምንም።

ከስድስታችን ሁለቱ ዘንድሮ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ። በነሱ ቦታ የሚገቡ ሁለት አዲስ ተማሪዎች እንፈልጋለን፤ መዋጮ አንጠይቅም፤ መዋኘትና መፈረም ብቻ ነው። ሸራዋን ስናስረክብም የምንለውን ቃል ለውጠናል። የዱሮውን አደራ ትተን፣ ባለተራውን ዐይን ዐይኑን እያየን «ብትጠፋ ትጥፋ፤ አንተ ተመለስ» እንለዋለን። እሱም መልሶ ካልተናገረው አንሰጠውም።