ክፍል ውስጥ ካርታ የሚያጫውተው መምህር

ሰሞኑን «ቲቸር፣ ተማሪዎችህን ካርታ ታጫውታለህ አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ በኢንቦክስም በአካልም በዝቶብኛል። አዎ፣ እውነት ነው። ግን የምታስቡት ካርታ አይደለም። ንጉሥም ንግሥትም የለበትም፣ ብርም አይያዝበትም። ነገሩን ከሰው ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት ብዬ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ሐሳቡን ያገኘሁት «ፋይሎ» ከሚባል የካርድ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ ውስጥ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ካርዶቹ ላይ ያሉት እንስሳትና ዕፅዋት የእውነት ናቸው፤ ሥዕሉን ብዙ ሠዓሊዎች አዋጥተውበታል፤ የፈለገ ሰው በነፃ አውርዶ ያትመዋል። መነሻ የሆነው ደግሞ በ2002 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጽሑፍ ነው። እንግሊዝ አገር ለሕፃናት የፖኬሞን ሥዕልና የአገራቸውን ፍጥረታት ሥዕል አሳዩአቸው። የ8 ዓመት ልጆች ከፖኬሞኖቹ ወደ 80 ከመቶ የሚሆኑትን በስም ለዩ፤ ከእውነተኞቹ ፍጥረታት ግን ግማሽ ያህሉን ብቻ።

የኛዎቹም ያው ናቸው ትሉ ይሆናል። የአርሴናልን ተቀያሪ ተጫዋች ሳይቀር ይጠሩላችኋል። ግን እኛ ጋ አንድ የሚለይ ነገር አለ። እኔ ክፍል ውስጥ እንስሳቱን በዓይናቸው እያዩ ያደጉ ልጆች አሉ። ከገጠር መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ቅዳሜና እሁድ ስንቅ ሊያመጡ በእግራቸው የሚመላለሱ ልጆች። ጭላዳ ከገብስ ማሳ ሲያባርሩ ያደጉ። እነዚህ ልጆች ክፍል ውስጥ ድምፃቸው አይሰማም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የሚያውቁትን ነገር በማያውቁት ስም ትጠይቋቸዋላችሁ፣ ዝም ይላሉ። ዝም ያለው ደግሞ «ሰነፍ» ይባላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ስለዚህ የራሳችንን ሠራን። ከሱቅ የፓስታ ካርቶን ለምነን፣ በመቀስ ቆርጠን፣ ተማሪዎቹ በማርከር ሣሉት። ጓሳ ሣር፣ ጅብራ፣ አስታ፣ አይጥ፣ ፍልፈል፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ዋልያ፣ የደጋ አጋዘን። ከላይ የአማርኛ ስሙ፣ ከታች የእንግሊዝኛው፣ መሐል ላይ ምን እንደሚበላና የት እንደሚኖር። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች፣ የደጋ አጋዘን ከባሌና ከአካባቢው ደጋ ውጭ አይቀመጥም።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አምስት ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንድን እንስሳ ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ የሚበላው ነገር ቀድሞ መኖር አለበት። በየዙሩ አንድ የአደጋ ካርድ ይገለበጣል፤ ድርቅ፣ ሰደድ እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ የእብድ ውሻ በሽታ። አደጋውን የሚመልስ ካርድ ያለው ልጅ ከእጁ አውጥቶ መስጠት ይችላል። ሦስት እንስሳ ከጠፋ ሁሉም ተሸነፉ። አሥር ዙር ከቆዩ ሁሉም አሸነፉ። አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል ደረጃ የለም።

አንድ ቀን የእብድ ውሻ በሽታ ተገለበጠ። ቀይ ቀበሮ ሊሞት ነው። ይኼ ካርድ ተረት አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከግማሽ በላይ ባሌ ተራሮች ላይ። እዚያ ደግሞ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ፈጅቷቸዋል። «የውሻ ክትባት» የሚለውን ካርድ የያዘው የከተማ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ተማሪ ነው። «የኔ እንስሳ ጭላዳ ነው፣ ለቀበሮ ብዬ ካርዴን አላባክንም» አለ።

ያኔ፣ መስከረም ላይ ስሙን ሲጠራ ብቻ ድምፁን የሰማሁት የመንዝ ልጅ ተናገረ። «ቀበሮው እኮ የሚበላው አይጥ ነው። እሱ ከጠፋ አይጡ ሣሩን ይጨርሰዋል፤ ጭላዳህ ምን ሊበላ ነው?» አለው። ቀጠለና ከብት ሲጠብቅ ያየውን ነገረን። ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎቹ መሐል ገብቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ውሻ የመጣ እንደሆነ ግን ወደ ገደሉ ይሮጣሉ። «እነሱ መሐል ሲሆን አይጥ ቶሎ ይይዛል» አለ።

እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። ይህን ለክፍሉ ስነግራቸው ሁሉም ዞረው ልጁን አዩት። ተመራማሪዎች በመጽሔት ያሳተሙትን እሱ በጎችና ላሞች እየጠበቀ አይቶታል። የክትባቱ ካርድም ወጣ።

ደጋጎቹ የሥራ ባልደረቦቼ «ፈተና እየደረሰ ጨዋታ?» ይሉኛል። ፍርሃታቸው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ግን ያ ውጤት የመጣው ልጆቻችን ካርታ ስለተጫወቱ አይደለም። ምግብ ሰንሰለትን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ ሳስተምር የሚሸመደድ ነገር ነው። አንዱ ሲጠፋ ሁሉም ሲሸነፍ ግን ትርጉሙ ይገባል።

መንዞች ደግሞ ይህን ከኛ በፊት ያውቁታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን በአባ ቄራ አስጠብቀው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በአንድ ቀን ተጠራርተው ያጭዱ ነበር። ለዚያም አንድ ካርድ ሠርተንለታል፤ ልቅ ግጦሽን የሚመልሰው እሱ ነው።

ከጨዋታው በኋላ ያ ልጅ ቢሮ መጣና «ቲቸር፣ የኛ ውሻ መከተብ ትችላለች?» አለኝ። ከብቶቹን ተከትላ ጓሳ ድረስ የምትሄድ ውሻ ናት። አብረን እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድን። «ባለ ውሾቹን መዝግባችሁ አምጡ፣ ክትባት ሲመጣ እንጠራችኋለን» አሉን። ልጁ እሁድ መንደሩን ዞሮ የ23 ውሾች ዝርዝር ይዞ መጣ። ባለቤቱን፣ የውሻውን ስም፣ ቀለሙን ሳይቀር ጽፏል። ክትባቱ ገና አልመጣም። ዝርዝሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒኩ ጋ ብቅ እላለሁ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በየቦታው ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየአካባቢያችሁ ያለ እንስሳ፣ ወፍ ወይም ዛፍ፣ እናትና አባታችሁ በሚጠሩት ስም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ምን እንደሚበላና ማን እንደሚበላው ጨምሩበት። ካርቶኑ አለ፤ የጎደለን የእናንተ ካርድ ነው።