ለንዑሳን ባቡሮች የኃይል መቆጣጠሪያ ስለ መምረጥ

ስፋቱ 9 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ባነሰው 6.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ የሚሽከረከሩትን ንዑሳን ባቡሮች የሚወድ ሰው፣ ከሎኮሞቲቩ ውበትና ከጣቢያው አሠራር አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው ነገር፣ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጦ ማንም ተመልካች ዐይኑን የማይጥልበት የኃይል መቆጣጠሪያ እንደ ሆነ በጽኑ አምናለሁ። ብዙ ሰዎች ግን ገንዘባቸውን ሁሉ በሎኮሞቲቩ ላይ ካዋሉ በኋላ፣ ከትልልቁ የአሻንጉሊት ባቡር የተረፈውን አሮጌ መቆጣጠሪያ አምጥተው ይቀጥሉበታል፤ ከዚያም ባቡሩ ሲንዘፈዘፍና ሲዘል ባዩ ጊዜ፣ በደሉ የሌለበትን ሠሪውን ይወቅሳሉ።

የነገሩ ሥር ክብደት ነው። በ1፡160 ምጣኔ የተሠራ ባቡር ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እያንዳንዳቸው 160 ጊዜ ስለሚያንሱ፣ ግዝፈቱ ከአራት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ 80 ቶን የሚመዝን እውነተኛ ሎኮሞቲቭ በዚሁ ሥርዓት ቢያንስ የሚቀረው 20 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሠሪዎቹ ውስጡን በብረት እየሞሉ ከዚህ እንዲበልጥ ቢያደርጉትም፣ እውነተኛው ባቡር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ በገዛ ክብደቱ ብዙ ርቀት የሚሄድበት ያ ግስጋሴ ለትንሹ አልተሰጠውም። ከሐዲዱ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ቢዛባ ትልቁ የአሻንጉሊት ባቡር ሳይሰማው ያልፈዋል፤ ትንሹ ግን መዛባቱን በመላ አካሉ ይመሰክራል።

የ9 ሚሊሜትሩን ባቡር በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት ሁሉ እንዲሁ) ለገበያ ያወጣው የአርኖልድ ፋብሪካ መቀመጫው በጀርመን አገር በኑረምበርግ ከተማ ነበር። ይህችው ከተማ አድለር የተባለው ሎኮሞቲቭ በ1835 ወደ ፉርት የተነሣባት፣ የጀርመንም የእንፋሎት ባቡር ጉዞ የተጀመረባት ናት፤ ደግሞም በ1827 የኤሌክትሪክን ሕግ በመጽሐፍ የገለጸው ሊቅ ጌዮርግ ሲሞን ኦም ከ1833 ጀምሮ በዚያው በኑረምበርግ አስተምሯል። ሦስቱ ነገሮች በአንዲት ከተማ መገናኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሁሉ ከኦም ሕግ ወጥቶ አያውቅምና።

የቀድሞዎቹ መቆጣጠሪያዎች በማዞሪያቸው ሥር ረጅም የሬዚስታንስ ሽቦ የተጠቀለለባቸው ሲሆኑ፣ ሥራቸውም ከኤሌክትሪኩ ከፊሉን ወደ ሙቀት እየለወጡ ለሞተሩ የተረፈውን መስጠት ነው። ጉድለታቸው የሚገለጠው የሚወስዱት ቮልት ሞተሩ በሚስበው አምፔር መጠን የሚለዋወጥ በመሆኑ ነው። ሽቦው በጠቅላላው 30 ኦም ነው እንበል፤ ግማሽ አምፔር የሚፈልገው የጥንቱ ትልቅ ሞተር ማዞሪያው ዝቅ ሲል የሚበቃውን ኃይል ስለሚያጣ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ከአምፔር አንድ ዐሥረኛውን ብቻ የሚስበው ያሁኑ ዘመን ትንሽ ሞተር ግን ከ12 ቮልቱ የሚቀነስበት 3 ብቻ ነውና፣ በቀረው 9 ቮልት ከዝቅተኛው ደረጃ ላይ ሳለ ይሮጣል። ሲነሣ ደግሞ ሌላ መከራ አለ። የቆመ ሞተር ከሚዞረው ይልቅ ብዙ አምፔር ስለሚስብ ሽቦው ቮልቱን ይውጥበታል፤ ነጂው ባቡሩ እንቢ ያለው መስሎት ማዞሪያውን ይጨምራል፤ መንኮራኩሩ ሲነቃነቅ የሚሳበው አምፔር በድንገት ይቀንሳል፤ የተዋጠው ቮልት ተመልሶ ሞተሩ ላይ ይወርድና ባቡሩ እንደ ደነበረ በቅሎ ዘሎ ይነሣል። ይህን የመሰለ መቆጣጠሪያ ለትልልቁ ባቡር በዘመኑ ብዙ አገልግሏልና ክብሩን አልነፍገውም፤ ለትንሹ ግን አይሆንም።

ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ ይህ ችግር በአብዛኛው ተቃልሏል። በትራንዚስተር የሚሠራው መቆጣጠሪያ ሞተሩ የሚስበው ብዙም ሆነ ጥቂት፣ በማዞሪያው የታዘዘውን ቮልት አጽንቶ ይይዛል። አዲስ ጀማሪ ለሆነ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ኤሌክትሪኩን በምት በምት የሚልከው ዐይነት ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ ክርክር ስላለ ጥቂት ልዘግይ። ይህ መቆጣጠሪያ ቮልቱን ዝቅ በማድረግ ፈንታ ሙሉውን 12 ቮልት በአጭር በአጭሩ እየቈራረጠ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ምት ሙሉ ኃይል ስላለው፣ ለመነሣት የሚያስቸግረውን የማርሽ ሰበቃ አሸንፎ ባቡሩን በዝግታ ያስነሣዋል። አንዳንዶቹም በምትና በምት መካከል ሞተሩ ራሱ እንደ ዲናሞ የሚያመነጨውን ቮልት እየለኩ፣ ባቡሩ ዳገት ሲገጥመው ኃይል ይጨምሩለታል፣ ቍልቍለት ሲወርድ ይቀንሱለታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ብዙ አዳዲስ ንዑሳን ሎኮሞቲቮች ኮርለስ በሚባለው ሞተር ይሠራሉ፤ የዚህ ሞተር ተሽከርካሪ ክፍል በእምብርቱ ብረት የሌለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ብቻ ነው። ብረቱ ባለመኖሩ ሞተሩ ቀላልና ለስላሳ ሆነ፤ ነገር ግን ምቱን የሚያለዝብለትና ሙቀቱን የሚሸከምለት አካል አጣ። ምቱ በሴኮንድ 50 ወይም 100 ጊዜ የሚመጣ እንደ ሆነ ሽቦው ይግላል፣ ሞተሩም ያጕረመርማል፤ ከውጭ ምንም ምልክት ሳይታይ ቀስ በቀስ ሊቃጠልም ይችላል። ምቱ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ገደማ ሲሆን ግን ሞተሩ እንደ ለስላሳ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀበለዋል፣ ጆሮም አይሰማውም። ስለዚህ ማንም ሰው መቆጣጠሪያ ከመግዛቱ በፊት የሎኮሞቲቩን የሞተር ዐይነት ይጠይቅ፤ ሻጩ ካላወቀ ለስላሳውን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን መምረጥ ከጥፋት ያድናል።

ሜርክሊን የተባለው ፋብሪካ በ1972 ያወጣው የ6.5 ሚሊሜትሩ ባቡር፣ ምጣኔው 1፡220 የሆነው፣ ከዚህም የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። የተሠራው መጀመሪያ ለ8፣ ኋላም ለ10 ቮልት ስለ ሆነ የ12 ቮልቱ መቆጣጠሪያ አይስማማውም። አሮጌ ትራንስፎርመር ደግሞ በላዩ 12 ተብሎ ቢጻፍበትም፣ ባቡር ሳይጫንበት በቴስተር ሲለካ 16 ወይም 17 ሊያሳይ ይችላልና ጽሕፈቱን ብቻ አንመን። ይህ ትንሽ ሐዲድ እኛን ኢትዮጵያውያንን በተለይ የሚነካበት አንድ ምክንያት አለ። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ ይህ በ1፡160 ሲቀነስ 6.25 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ከሜርክሊን ትንሽ ሐዲድ ጋራም ሊገጥም ምንም አልቀረው። ድሬዳዋን ወይም ለገሃርን በጠረጴዛው ላይ ሊያቆም የሚመኝ ወገን ሁሉ እንግዲህ የሚገዛው የዚህን ሐዲድ ዕቃና ከሥሩ ያለውን ባለ 8 ወይም ባለ 10 ቮልት ሞተር ነውና፣ መቆጣጠሪያውንም በዚያው ልክ ያስብ። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ቀን ተፈጽሞ ለማየት ከልቤ እናፍቃለሁ።

ዲጂታል የተባለው ሥርዓት፣ ከጀርመናዊው ከሌንዝ ሥራ ተነሥቶ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር መመዘኛነት የጸናው፣ በሐዲዱ ላይ ዘወትር ሙሉ ኃይል ያኖርና ትእዛዙን በየሎኮሞቲቩ ውስጥ ላለው ዲኮደር ይልካል። ብዙ ባቡሮችን በአንድ ሐዲድ ላይ ለየብቻ ለመንዳት ለሚሻ ሰው አቻ የለውም፤ ባለ አንድ ዙር ሐዲድና ባለ ሁለት ሎኮሞቲቭ ለሆነ ሰው ግን የማያስፈልግ ወጪ ይመስለኛል። ከመረጠው ባለ 5 አምፔሩን ትቶ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ይውሰድ፤ መንኮራኩር ከሐዲድ ወጥቶ ሾርት ሲያደርግ 5 አምፔር በዚያ በቀጭኑ ብረት ውስጥ ካለፈ ፕላስቲኩን ያቀልጣልና። መከላከያው መሥራቱን ለማወቅ ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ጋድም አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ኃይሉ ወዲያው ካልተቋረጠ የሽቦው አዘረጋግ መታረም አለበት።

መቆጣጠሪያ ሲሞከር ባለሱቁ ፍጥነቱን ሊያሳየን ይቸኩላል፤ እኛ ግን ዝግታውን እንጠይቅ። በሰዓት 5 ኪሎሜትር የሚሄድ ፉርጎ ገፊ ሎኮሞቲቭ በ1፡160 ምጣኔ በሴኮንድ የሚሄደው 9 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ሜትር ሐዲድ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሊፈጅበት ይገባል። ሐዲዱና መንኮራኩሩ ተጠርጎ ሳለ ይህን ያለ መንተፋተፍ የሚያስኬድ መቆጣጠሪያ ካገኛችሁ፣ የአምፔሩ ብዛት አያሳስባችሁ፤ ለአንድና ለሁለት ትንሽ ሎኮሞቲቭ 1 አምፔር ይተርፋል። ከጃፓን በፖስታ የምታስመጡ ወገኖቼ ግን ከጀርባው ያለውን ጽሕፈት አንብቡ፦ የዚያ አገር መብራት 100 ቮልት ነውና፣ ለዚያ ብቻ የተሠራው ትራንስፎርመር በአዲስ አበባው 220 ወይም በአውሮፓው 230 ሶኬት ላይ ሊሰካ አይገባውም፤ መቆጣጠሪያውን ብቻ ገዝታችሁ ትራንስፎርመሩን ከምትኖሩበት አገር፣ መቆጣጠሪያው በሚጠይቀው ቮልትና አምፔር ልክ ውሰዱ።