የተራራው ቤት ቁልፍ

በኖርዌይ «ሂተ» የሚባለው የተራራ ማደሪያ ቤት ከአውራ ጎዳናና ከመንደር ርቆ በሸለቆ ውስጥ ወይም በገደል አፋፍ የሚሠራ የእንጨት አለዚያም የድንጋይ ቤት ነው፤ ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ድንኳንና የሳምንት ስንቅ ሳይሸከም ከአንዱ ቤት ጧት ተነሥቶ ማታ ሌላው ቤት እያደረ ተራሮቹን የሚያቋርጠው በእነዚህ ማደሪያዎች አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተው የአገሪቱ የእግር ጉዞ ማኅበር ዛሬ ከ550 በላይ እንዲህ ያሉ ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የእግር መንገድም ምልክት አድርጎ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አቁሞ የያዘው ገንዘብ ወይም ዘበኛ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ በዮቱንሃይመን ተራሮች መካከል የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት እንደሚያልፍ ቢከታተል ሐሳቡን መለወጡ አይቀርም።

ዮቱንሃይመን ማለት የግዙፋን መኖሪያ ማለት ነው። የኖርዌይ ከፍተኛው ተራራ፣ 2,469 ሜትር ከፍታ ያለው ጋልሆፒገን፣ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ቁመቱ ከራስ ዳሸን በእጅጉ ቢያንስም፣ አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ በመሆኑ በሐምሌ ወር እንኳ በረዶ ከጥላማው ቦታ አይጠፋም። በእነዚህ ተራሮች እግር ሥር ዬንደ የሚባል 18 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን ሐይቅ ተጋድሟል፤ በምዕራብ ጫፉ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1871 የተሠራው ዬንደቡ የተባለ ማደሪያ ይገኛል።

ዬንደቡ ሠራተኞች ያሉት፣ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ነው። በእንዲህ ያለው ቤት እራት በተወሰነ ሰዓት በረጅም ገበታ ይቀርባል፤ የማይተዋወቁ ሰዎችም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ነገው መንገድ ይነጋገራሉ፤ አልጋ ቢሞላ እንኳ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ ወለል ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል እንጂ ወደ ውጭ አይመለስም። ጧት ተጓዡ ከቁርሱ ገበታ ላይ ዳቦና አይብ ለምሳው ጠቅልሎ፣ ፔርሙሱን ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ ከማድረቂያው ክፍል የማታ ርጥበቱ የለቀቀውን ጫማውን አውጥቶ ይነሣል። ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድም በእንግዶች መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ምክንያቱም ሰው በጠፋ ጊዜ ፍለጋው የሚጀመረው ከእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው።

ከቤቱ ደጅ የሚታየው ሐይቅ አረንጓዴ ነው። ከላይ ያለው የበረዶ ግግር በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ዐለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ከዚያም እንደ ዱቄት የላመው ድንጋይ በጅረት ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይገባና፣ ለመዝቀጥ እንኳ የሚበቃ ክብደት ስለሌለው ተንሳፎ ቀርቶ የፀሐዩን ብርሃን ይበትናል፤ አረንጓዴው ቀለም የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ከዬንደቡ ኡላቭስቡ ወደተባለው ሌላ ማደሪያ የሚወስደው መንገድ ቬስሎዳለን በተባለው ሸለቆ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ቁመቱ አጭር የሆነ የበርች ዛፍ አለ፤ ጥቂት እንደተሄደ ዛፉ ያልቅና ሣር፣ ሣሩም ያልቅና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። በድንጋዩ መካከል መንገድ የሚባል ነገር ስለማይታይ፣ ተጓዡ ዓይኑን የሚጥለው በየርቀቱ በተከመረ ድንጋይ ላይ በቀይ ቀለም በተጻፈው የላቲን ቲ ፊደል ላይ ነው። ቀለሙ በየጊዜው ስለሚደበዝዝ መታደስ አለበት፤ የሚያድሱትም በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የማኅበሩ አባላት ናቸው። ኖርዌያውያን ይህን ሥራ «ዱግናድ» ይሉታል፤ አማርኛ ተናጋሪ «ደቦ» ብሎ ቢረዳው አይሳሳትም።

ጉም ሲወርድ ቀዩ ፊደል ይሰወራል፤ ውሳኔ የሚጠየቅበትም ሰዓት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የፋሲካ ሰሞን 18 ሰዎች በኖርዌይ ተራሮች ላይ ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ በሰፊው የተሰራጨው የተራራ ደንብ፣ ጊዜ ሳያልፍ መመለስ እንደሚገባና መመለስም እንደማያሳፍር ያስተምራል። ከደንቡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ አንቀጽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰውን ወደ ገደል የሚገፋው ድካም ሳይሆን በጓደኞቹ ፊት እንዳያፍር መፍራቱ ነውና።

ኡላቭስቡ ከዬንደቡ ይለያል፤ ሠራተኛ የሚያስተናግድበት ሳይሆን እንግዳው ራሱን የሚያስተናግድበት ቤት ነው። የማኅበሩ አባላት በመያዣ ገንዘብ የሚወስዱት አንድ ዓይነት ቁልፍ አብዛኞቹን እንዲህ ያሉ ቤቶች ይከፍታል። በውስጣቸው የብረት ምድጃ፣ የተፈለጠ እንጨት፣ ድስትና ሰሃን፣ ብርድ ልብስ የተነጠፈባቸው ተደራራቢ አልጋዎች፣ እንዲሁም የታሸገ ምግብ የተደረደረበት ጓዳ አለ። እንግዳው ውኃውን ራሱ ቀድቶ፣ እሳቱን ራሱ አያይዞ፣ ከጓዳው የሚፈልገውን አውርዶ ይበላል፤ የበላውንና ያደረበትን ራሱ ቆጥሮ፣ ከተለጠፈው ዋጋ ጋር አመሳክሮ ይከፍላል። ቀድሞ ሒሳቡ በወረቀት ተሞልቶ ሣጥን ውስጥ ይከተት ነበር፤ ዛሬ በስልክም ይከፈላል። አንድ ቆርቆሮ ሥጋ በልቶ ዝም ቢል በዚያች ሌሊት የሚያውቅበት የለም። ሆኖም ሥርዓቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጸንቶ የቆየው ጓዳውን የሚከፍቱት ሰዎች እጅግ በብዛት ሐቀኞች ስለሆኑ ነው፤ ይህም ከተራሮቹ ውበት ይልቅ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው።

በኢትዮጵያ ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይባላል፤ ባለቤቱ ግን እዚያው አለ፤ እግር ያጥባል፣ እራት ያቀርባል። በተራራው ቤት ባለቤቱ በዓይን አይታይም፤ እንግዳውን የሚቀበለው ከእርሱ በፊት ያደረው እንግዳ ነው። በምድጃው አጠገብ የተደረደረው ደረቅ ፍልጥ ስሙ የማይታወቅ ሰው ትናንት የተወው ነው። በማግሥቱም ተጓዡ ዐመዱን ጠርጎ፣ ወለሉን አጥቦ፣ ቆሻሻውን በቦርሳው ይዞ፣ ከተጠቀመበት የማያንስ እንጨት ፈልጦ በዚያው ቦታ ከደረደረ በኋላ በሩን ይቆልፋል።