ሴትን ከአበባ ጋር ስለ ማመሳሰል

ሴትን ለማመስገን የፈለገ ሰው ምሳሌውን የሚሻው ከተፈጥሮ ነው። ጽጌረዳ ይላታል፤ ርግብ ይላታል፤ በለመለመ መስክ ይመስላታል። ይህም ልማድ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። እኔም የዛሬይቱ ባለቤቴ እጮኛዬ በነበረችበት ጊዜ፥ በጻፍሁላት ደብዳቤ ሁሉ ከአደይ አበባ ጋር ሳላመሳስላት ያለፍሁበት ቀን የለም። እንዲህ ያለው ምስጋና በተመስጋኟ ላይ ሸክም ሊኾን እንደሚችል የተረዳሁት ግን በቅርቡ ነው፤ ያስረዳችኝም አንዲት ተማሪ ናት።

የማስተምረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። በዚያ ሰሞን ከክፍሉ ጋር የምናነበው፥ ቶማስ ሃርዲ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ያሳተመውን «የደርበርቪሎቹ ቴስ» የተባለውን ልብ ወለድ ነበር። መጽሐፉ፥ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት ዘመን (1837–1901) ከተደረሱት ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላመልክት። ቴስ የድኻ ገጠሬ ልጅ ናት። የቤተሰቡ መተዳደሪያ የኾነው ፈረስ እርሷ ጋሪውን በምትነዳበት ሌሊት ስለ ሞተ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ወደ አንድ ሀብታም ቤት ለሥራ ትኼዳለች። የቤቱም ልጅ አሌክ፥ በጥንታዊ ዱር ውስጥ ደክሟት በተኛችበት ክብሯን ይገፋታል። የወለደችውም ሕፃን ይሞትባታል። ከዚህ በኋላ ለም በኾነ ሸለቆ ላም አላቢ ኾና ስትሠራ፥ ኤንጀል ክሌር የተባለ የተማረ ወጣት ይወዳታል።

ኤንጀል እንዴት አድርጎ እንደሚመለከታት ሃርዲ በጥንቃቄ ይገልጽልናል። ጎሕ ሲቀድ፥ ጉም በሸፈነው መስክ ላይ ሲያያት፥ በፊቱ የቆመችው አንዲት ሴት መኾኗ ይጠፋውና የሴት ሁሉ አምሳል ኾና ትታየዋለች። ስለዚህ በግሪክ አማልክት ስም አርጤምስና ዴሜጥር እያለ ይጠራታል። አርጤምስ የአደንና የዱር፥ ዴሜጥርም የእህል አምላክ ናቸው። ቴስ ግን ስሞቹ ደስ አይሏትም፤ በገዛ ስሟ እንዲጠራት ትነግረዋለች።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና፥ «መምህር፥ ኤንጀል የወደደው ቴስን ነው ወይስ መስኩን?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም ለዓመታት ስደጋግመው የኖርሁትን መልስ ሰጠኋት፤ «ለሃርዲ ሴትና ተፈጥሮ አንድ ናቸው፤ የድርሰቱም ውበት ይኸው ነው» አልኋት። ልጅቱም በትሕትና፥ «እንግዲያውስ መስክ ባለቤት እንዳለው ሁሉ ለእርሷም ባለቤት ሊኖርላት ነዋ» ብላ ተቀመጠች።

ያን ማታ መጽሐፉን እንደ አዲስ አነበብሁት። በሠርጉ ሌሊት ኤንጀል የራሱን ያለፈ ጥፋት ሲነግራት፥ ቴስ ወዲያው ይቅር ትለዋለች። እርሷ የደረሰባትን ስትነግረው ግን ሊቀበላት አልቻለም፤ ጥቂት ቀናት ቈይቶ ትቷት ወደ ብራዚል ይኼዳል። ንጽሕት የተፈጥሮ ልጅ አድርጎ ያሰባት ሴት፥ እንደ እርሱ የራሷ ታሪክ ያላት ሰው ኾና ተገኘችበት።

ቴስም ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት አንድ ሌሊት በዱር ታድራለች። ሲነጋ በአዳኞች ጥይት የቈሰሉ ወፎች በዙሪያዋ ሲያጣጥሩ ታያለች፤ ወፎቹም የተረቡት ሊተኰስባቸው ብቻ ነበር። ከሥቃያቸው ልትገላግላቸው እያለቀሰች ትገድላቸዋለች። ከዚያ ወዲያ በብርድ ወራት ድንጋያማ በኾነ እርሻ ላይ ሥራ ሥር ስትቈፍር፥ በእንፋሎት በሚሠራ የእህል መውቂያ መኪና ላይ ቆማም ነዶ ስትፈታ እናገኛታለን። መኪናው አያርፍምና እርሷም አታርፍም። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ሴት የምትመረጠው ምናልባት ወጪ ለመቈጠብ እንደ ኾነ ሃርዲ ጠቈም አድርጎ ያልፋል። የወላጆቿም ቤት የተያዘው በሦስት ሰዎች ዕድሜ ልክ በተወሰነ ውል ነበርና፥ የመጨረሻው ሰው አባቷ ሲሞት ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ወደቀ። ቴስን ወደ አሌክ የመለሳት ይህ ችግር ነው፤ ፍጻሜውም እርሱን መግደልና በስቅላት መሞት ኾነ።

ፈረንሳዊቱ ጸሐፊ ፍራንስዋዝ ዶቦን በ1974 ኢኮፌሚኒዝም የሚለውን ቃል አወጣች። ይህ አስተሳሰብ፥ ምድርን ያለ ልክ የሚበዘብዘውና ሴትን የሚጨቍነው ሥልጣን ሥሩ አንድ ነው ይላል። መጀመሪያ ስሰማው ሴትን ከተፈጥሮ ጋር ለማመሳሰል አዲስ ምክንያት የተገኘ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሌላ ኾኖ አገኘሁት። ቴስንና ወፎቹን አንድ ያደረጋቸው ባሕርያቸው አይደለም፤ ሁለቱም ሳይጠየቁ ለሌላ ሰው ጥቅምና ደስታ መመደባቸው ነው። ሃርዲም ራሱ ከዚህ ነጻ አይደለም፤ በእርሻ ላይ ወንድ ሰው እንደ ኾነ ሲቀር ሴት ግን የመስኩ ክፍል ትኾናለች ብሎ የጻፈው እንደ ምስጋና አድርጎ ነው። በእንግሊዝ አገር ያገባች ሴት በስሟ ንብረት የመያዝ ሙሉ መብት ያገኘችው፥ መጽሐፉ ከመታተሙ 9 ዓመት በፊት፥ በ1882 በወጣ ሕግ መኾኑን ያስታውሷል።

ይህን ሁሉ ሳስብ ወደ ራሴ ተመለስሁ። ባለቤቴ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት በሌላ ከተማ የማስተማር ሥራ አግኝታ ነበር። እኔም፥ «አበባ ከበቀለችበት ከተነቀለች ትጠወልጋለች» አልኋት። ሳቀች፤ ሥራውም ቀረ። ያን ቃል ይህን ያህል ዘመን የፍቅር ቃል አድርጌ ስቈጥረው ኖሬአለሁ።

መጽሐፉን ዘግቼ በስሟ ጠራኋትና፥ «ያን ሥራ ፈልገሽው ኖሯል?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ፥ «ትጠይቀኛለህ ብዬ ሳምንት ሙሉ ጠብቄ ነበር» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገረችም፤ እኔም የምመልሰው አልነበረኝም።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ የትናንቱ መልሴ ስሕተት እንደ ነበር ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ሴትን ከአበባ ጋር ማመሳሰል ፈጽሞ ይቅር አልልም። ነገር ግን የምናመሰግናትን ሴት አስቀድሞ በስሟ ጠርቶ ፈቃዷን መጠየቅ እንደሚገባ፥ እኔ ዘግይቼ የተማርሁትን፥ ወጣቶች አንባቢዎቼ በጊዜው እንዲማሩት እመኛለሁ።