ሮቦቱን ማን ያዘዋል?

ሰሞኑን ስለ ሮቦትና ስለ አውቶማቲክ ፋብሪካ የማይጽፍ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከግዢው ይልቅ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም በማን እጅ እንደሚሆን ነው።

ብየዳን እንውሰድ። በ200 አምፔርና በ24 ቮልት ሲበየድ ኃይሉ 4,800 ዋት ነው። የበያጁ እጅ በሴኮንድ 5 ሚሊ ሜትር ከሄደ፣ ብክነቱን ትተን፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 960 ጁል ሙቀት ይደርሰዋል። ሙቀቱ ሲያንስ ብረቱ ላይ ላዩን ይጣበቃል እንጂ አይዋሃድም፤ ሲበዛ ይበሳል። አውቶማቲክ ብየዳ ይህን ጭንቀት ለዲጂታል ተቆጣጣሪ ያስረክባል። ሴንሰሩ አምፔሩንና ቮልቱን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል፤ ተቆጣጣሪው ከታዘዘው ልክ ጋር ያስተያየዋል፤ ልዩነት ካየ ወዲያው ያርማል።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሰቃ የማውቃቸው አንድ በያጅ አሉ። «ጋሼ፣ መብራቱ ሲወርድ እንዴት ያደርጋሉ?» ስላቸው «ድምፁ ይነግረኛል ወንድሜ፤ ያኔ እጄን አዘገያለሁ» አሉኝ። አምፔር ሲቀንስ ፍጥነትን መቀነስ፣ ሙቀቱን በልኩ ማቆየት! ተቆጣጣሪው የሚሠራው ስሌት ይኸው ነው። ልዩነቱ የእሳቸው ሴንሰር ጆሯቸው መሆኑ ነው።

ሥራቸው ደግሞ ቀልድ አይደለም። የቡና መፈልፈያ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ በደንብ ያልተዋሃደ ብየዳ የሚሰነጠቀው ማሽኑ በሚፈለግበት በለቀማ ወቅት ነው። የሚከስረው ገበሬው ነው።

ሮቦት እንጀራቸውን አይነጥቅም ወይ? ሰቃ ላይ ቶሎ አይመስለኝም። ሮቦት የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ በሺህ ሲመረት ነው፤ እሳቸው ዘንድ የሚመጣው ስብራት ግን በየቀኑ የተለያየ ነው።

ዕውቀት ሳይደራጅ ሥራ መረከብ የሚያስከፍለውን በሕዳሴ ግድብ አይተናል። መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው። የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረት ሥራው ለሜቴክ ተሰጥቶ፣ ከብዙ መጓተት በኋላ በ2010 ክረምት መንግሥት ውሉን ቀማ። የመጀመሪያው ተርባይን ያመነጨው የካቲት 13 ቀን 2014 ነው። ፋብሪካ መያዝና ሥራውን ማወቅ ለየቅል ናቸው።

ፕሮግራሙ ተቆልፎ የሚመጣ ማሽን ብንገዛም ያው ነው። የብረቱ ውፍረት ወይም የመብራቱ ጠባይ ሲቀየር ልኩን የሚያስተካክለው ባለሙያ ባሕር ማዶ ከሆነ፣ ማሽኑ ላሜራ ለብሶ ይቀመጣል።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች አሉት፤ ሰቃ ደግሞ ቅርብ ናት። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን አምፔርና ቮልት የሚመዘግብ መሣሪያ ይዘው እዚያ ጋራዥ ውስጥ ቢሠሩትስ? ጋሼ በጆሮ የሚያውቁትን ተማሪው በቁጥር ይጻፈው። ነገ ተቆጣጣሪ ለመንደፍ ስንነሳ የምንጀምረው ከዚያ ቁጥር ነው። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን የሚመዘገብ ነገር አይኖርም።